አጥፍቶ ማብራት

ቲቸር አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች። «ግማሽ ሲደመር ሩብ…» ብላ ቀሪውን ሳትጨርስ፣ አንድ ዓይኗ ተጨፍኖ ሌላው ተበልጥጦ፣ ልጆቹ በየቤታቸው በከፈቱት ስክሪን ላይ እንደ መታወቂያ ፎቶ ቆመች። መድረቋን ግን ለእሷ ማን ይንገራት? ግማሹን ከሩቡ አዛምዳ፣ ሦስት አራተኛው ላይ ደርሳ፣ «ገባችሁ?» ብላ ስትጠይቅ ነው መልስ ያጣችው። ቀና ብላ ብታይ የልጆቹም ፊት ደርቋል። አንደኛው ጣቱ አፍንጫው ውስጥ እንዳለ ቀርቷል።

«ደግሞ ጠፋ!» አለችና ከወንበሯ ተፈናጥራ ወደ አባቷ ክፍል ሮጠች።

የኢንተርኔቱ ራውተር እዚያ ነው፤ ከአባቷ አልጋ አጠገብ፣ ድሮ ሬዲዮ ይቀመጥበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ። ስትደርስ መብራቶቹ አንድ በአንድ እየበሩ ነበር። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ራሱ ይጠፋል፣ ራሱ ይበራል፣ የሚጠይቀው የለም። አባቷ ትራሳቸውን ተደግፈው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ቲቸር ከንፈሯን ነክሳ ቆማ ጠበቀች። ወደ ልጆቹ ስትመለስ ግማሾቹ ወጥተው፣ የቀሩት «ጠፊዋ መጣች! ጠፊዋ መጣች!» እያሉ ይስቃሉ። ስም አውጥተውላት ኖሯል።

ሰፈሩ ቲቸር ይላታል፤ እኛም ከሰፈሩ አንለይም። ድሮ እውነተኛ ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔ እጇን እያነጣው፣ ሒሳብ ታስተምር ነበር። አባቷን ደም ግፊት ጥሎ ግራ ጎናቸውን ሲይዛቸው «እስኪሻላቸው» ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ይህቺ «እስኪሻላቸው» የምትባል ቃል ግን ላስቲክ ናት፤ በሳቧት ቁጥር ትረዝማለች። ፈቃዱ አለቀ፣ ተራዘመ፣ መጨረሻ ላይ በቦታዋ ሌላ መምህር ገባ። ታላቅ ወንድሟ ሩቅ ከተማ ሥራና ቤተሰብ ስላለው «አንቺ ቅርብ ነሽ» ተባለች። ቅርብ የሆነችው ከአባቷ ቤት ስላልወጣች ብቻ ነበር፤ ቅርብ መሆን ይህን ያህል ጣጣ እንዳለው ያኔ ማን አወቀ?

ከቤት የምትወጣው ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ መጥታ አባቷ ዘንድ ስትቀመጥላት ነው። መድኃኒትና ዳቦ ገዝታ እየሮጠች ትመለሳለች። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «አንቺ! ምነው ጠፋሽ?» ይላታል። «አለሁ» ትላለች። የት እንዳለች ጠይቀዋት ቢሆን፣ ከጓዳ እስከ መኝታ ቤት ነበር መልሱ። አንዳንድ ቀን በሩን ከውስጥ ስትቆልፍ፣ ቁልፉ ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ ሌላ ሰው የቆለፈባት ያስመስላታል። አባቷን ትወዳለች፤ ቤቱን ጠልታዋለች። ሁለቱን ለያይታ የምታስቀምጥበት ቦታ ደግሞ የላትም።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በስክሪን ማስጠናቷ እንጀራዋ ብቻ አልነበረም። በዚያች ስክሪን በኩል የሰው ሳሎን ታያለች። የአንዷ ልጅ ድመት ደብተር ላይ ይተኛል፤ የአንዱ እናት ከጓዳ «ጫማህን አውልቀሃል?» ብላ ትጮኻለች፤ ከኋላ መጋረጃ ይነፍሳል። የሰው ቤት ጭቅጭቅ እንኳ ይናፍቃታል፤ የእሷ ቤት የሚጨቃጨቅ የለማ።

አባቷ የፋብሪካ ቦይለር ጠባቂ ነበሩ። በፈረቃቸው አንድም ቀን አሸልበው ስለማያውቁ ባልደረቦቻቸው «አባ ንቁ» ይሏቸው ነበር። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ትናንሽ መብራቶች ከተደረደሩበት ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው ነው፤ አንድ ነገር ካላማራቸው ሕጋቸው አንድ ናት፤ «መጀመሪያ አጥፋ፣ ከዚያ ጠይቅ!» ሕጊቱን ቤትም ይዘዋት ይመጡ ነበር። ካውያ ሲሸት «መጀመሪያ አጥፋ!»፣ ድስት ሲገነፍል «መጀመሪያ አጥፋ!»፣ ልጆቻቸው ሲጣሉ ሳይቀር «መጀመሪያ አጥፋ!» ማንን እንደሚያጠፉ ግራ የገባቸው ልጆች በሳቅ ጠቡን ይረሱት ነበር።

አሁን ያ ሁሉ ድምፅ የለም። ቀኝ እጃቸው ደህና ነው፤ አእምሯቸውም ደህና ነው፤ ምላሳቸው ግን ተሳስሯል። አንዲት ቃል ለማውጣት ግንባራቸው እስኪያልብ ይታገላሉ። ፈገግ ሲሉም ግማሽ ፊታቸው ስለማይታዘዝ የሚያለቅሱ ይመስላሉ። ሲቸግራቸው በምርኩዛቸው ግድግዳውን ኳ ኳ ያደርጋሉ። ቲቸር ስታስተምር ግን ጥርሳቸውን ነክሰው ይጠብቋታል እንጂ አያንኳኩም።

ራውተሩ መጀመሪያ የነበረው በእሷ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ነው። ያኔም አልፎ አልፎ ይጠፋ ነበር። ለወንድሟ ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ዋይፋይ አስቸገረኝ።»

«አጥፍተሽ አብሪው፣ እታለም።»

«አጥፍቼ አበራሁት።»

«ደግመሽ አጥፍተሽ አብሪዋ!»

የወንድሟ መድኃኒት ይህችው ናት። አባታቸው ምግብ እምቢ ሲሉም «ትንሽ ይረፉና እንደገና ሞክሪ» ነበር ያላት፤ ያው አጥፍቶ ማብራት ነው። «እስቲ አንድ ጊዜ አንተ መጥተህ አጥፍተህ አብራው!» ስትለው «ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ…» ብሎ መስመሩ ይቆራረጥበታል። የእሱ መስመር ሲቆራረጥ እንኳ ያውቅበታል።

በመጨረሻ የኢንተርኔቱ ባለሙያ መጣ። ሳቂታ ጎረምሳ ነው። ነካክቶ «የኤሌክትሪክ ማስገቢያው ተቃጥሏል» አለና ለወጠው። «ደግሞ ጥግ አታድርጊው፣ እህቴ፤ ቤቱ መሃል ይሁን።» የቤቱ መሃል የአባቷ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ያላትን ማከፋፈያም ከጎኑ ዘረጋ። ሲወጣ እጁን እያራገፈ «ከእንግዲህ ብልጭ ድርግም ብሎ ካስቸገረሽ መጨነቅ የለም፤ አጥፍቶ፣ እስከ አስር ቆጥሮ፣ ማብራት ነው!» አለ። አባቷ ከአልጋቸው ሆነው አንገታቸውን ነቀነቁ። ጎረምሳው የተሰናበቱት መስሎት «ደህና ይዋሉ አባባ» ብሏቸው ሄደ።

ልጆቹ ፈተና ላይ ስለነበሩ ጥናት አልነበረም፤ ራውተሩም ጭጭ ብሎ ሰነበተ። ቲቸር «ተገላገልኩ» አለች። ጥናቱ ሲጀመር ግን ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ድሮ አልፎ አልፎ ይጠፋ የነበረው አሁን በየጥናቱ ይጠፋል። የሚጠፋውም ትምህርቱ ሲደምቅ፣ ልጆቹ ሁሉ ፊታቸውን ከፍተው ሲንጫጩ ነው። ዜና ስታነብ አይጠፋም፤ ለወንድሟ መልእክት ስትልክ አይጠፋም። ባለሙያውን መልሳ ጠራችው። እሱ አልጋው ጎን ተቀምጦ ሲጠብቀው ራውተሩ የጨዋ ልጅ ሆኖ ዋለ። «ዕቃው ጤነኛ ነው፣ እህቴ» ብሎ ሄደ። ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ እንደሚሻለው ጥርስ ሕመም አንጀቷን አቃጠላት።

አንድ ማታ አባቷን አገላብጣ፣ አጥባ፣ ልብሳቸውን ስትቀይር ቀና ብለው አዩዋት። ያ ለቅሶ የሚመስለው ፊታቸው መጣ። ታገሉ፣ ታገሉና፦

«አ…ጠ…ፋሁ» አሏት።

«ምን አጠፋህ አባዬ? ምንም አላጠፋህም!»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አጠፋሁ! አ…በ…»

«ኧረ በስመ አብ! አላጠፋህም አልኩህ እኮ! ልጅህ አይደለሁም? እኔ ያላስታመምኩህ ማን ሊያስታምምህ ነው? እንዲህ እያልክ አታስለቅሰኝ።»

አባቷ ተናደው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሷ ጓዳ ገብታ፣ እንዳይሰሟት የውሃውን ቧንቧ ከፍታ አለቀሰች። በነጋታውም ያው፣ በሌላውም ማታ ያው። «አጠፋሁ» ይላሉ፤ «አላጠፋህም» ትላለች፤ ወደ ግድግዳ ይዞራሉ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ሰው ይቅርታ ጠይቆ ይቅር ሲሉት እንዲህ ይናደዳል? ብላ ራሷን ትጠይቅ ነበር። የሕመም ጠባይ ነው ብላ ተወችው።

ከዚያ የጥናቱ አስተባባሪ ደወለችላት። «ወላጆች ሰልችቷቸዋል፣ ቲቸር። ሐሙስ እነሱም ከልጆቻቸው ጎን ተቀምጠው ይከታተላሉ። ያን ቀን ከተቋረጠ ክፍሉን ለሌላ ሰው ልሰጥ ነው። እባክሽ አትቀየሚኝ።»

«አይቋረጥም» አለች ቲቸር፤ በምን አንጀቷ እንዳለችው እሷም አታውቅም።

ያላደረገችው የለም። ሰው ገብቶብኝ ይሆናል ብላ የይለፍ ቃሉን ቀየረች። የሞገዱን ቻናል ከአንዱ ወደ ሌላው አዘዋወረች። ረጅም ገመድ ገዝታ ላፕቶፑን በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኘችው፤ ከነገመዱ ጠፋ። በስልኳ ኢንተርኔት ሞከረች፤ ለጥሪ እንጂ ለኢንተርኔት የሚበቃ ምልክት ግን ከመንገድ አልፎ ቤቷ አይገባም። የልብስ ሰፊዋ ማይክሮዌቭ ይረብሸው እንደሆነም ጠረጠረች። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ «ምሳዬን ሳላሞቅ ብበላ የሚሻልሽ ከሆነ ቀዝቃዛውን እውጠዋለሁ፤ ምን ቸገረኝ» አለችና እውነትም ሳምንቱን ቀዝቃዛ በላች። ራውተሩ ግን የማንንም ውለታ አልቆጠረም። ረቡዕ ዕለት ክፍልፋይ ማባዛት መሃል ላይ ድርግም አለ።

ቲቸር የአባቷ ክፍል በር ላይ ቆማ ጮኸች። «ይሄ ቤት ነው እስር ቤት? አንዲት ቀዳዳ ብትኖረኝ እሷም ትደፈን? እኔስ ሰው አይደለሁም?»

የጮኸችው በራውተሩ ላይ ነው። ግን ክፍሉ ውስጥ ጆሮ ያለው አባቷ ብቻ ነበሩ። ወዲያው ደነገጠች፤ ይቅርታ ልትልም አፏን ከፍታ፣ ንዴቱ ስላልበረደላት ሳትል ሄደች። የዚያን ማታ «አጠፋሁ» አላሏትም። ዓይናቸውን መብራቶቹ ላይ ተክለው አደሩ፤ እንቅልፍም በዓይናቸው አልዞረ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ዘዴ መጣላት። ለወንድሟ በቪዲዮ ደወለችና «ዝም ብለህ አውራልኝ። ሳትመጣ የምትጠቅመኝ በዚህ ብቻ ነው» አለችው። ላፕቶፑን ክፍሏ ውስጥ እንደተከፈተ ትታ፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ ኮቴዋን አጥፍታ ወደ አባቷ ክፍል ሄደች። ይህን ዕቃ ሲጠፋ እጅ ከፍንጅ ልትይዘው ነው። በሩ ገርበብ ብሏል።

ወንድሟ ከወዲያ ስለ አዲሱ አለቃው ያወራል። የራውተሩ መብራቶች መርገብገብ ጀመሩ፤ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም። አባቷ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቀኝ እጃቸውን ወደ ምርኩዛቸው ሰደዱ። ከትራሳቸው ተነሡ፤ ግማሽ ሰውነታቸው እሺ፣ ግማሹ እምቢ እያለ። የግንባራቸው ደም ሥር ተገተረ። የምርኩዙን ጫፍ ቀይዋ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ አሳርፈው ተጫኑ። መብራቶቹ ጠፉ። የወንድሟም ወሬ አለቃው ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ የአባቷ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። ይቆጥራሉ። ቆጥረው ሲጨርሱ መልሰው ተጫኑ፤ መብራቶቹ አንድ በአንድ በሩ። ላባቸው ጆሯቸው ሥር እየወረደ ትራሳቸው ላይ ወደቁ።

ዞር ሲሉ አዩዋት። ፊታቸው ያን ለቅሶ የሚመስል ነገር ሆነ፤ ቲቸር አሁን ገና ፈገግታ መሆኑን አወቀች።

«አጠፋሁ» አሉ። በዚህ ጊዜ ስላላቋረጠቻቸው ቀጣዩን ቃል የሚፈልጉበት ጊዜ አገኙ። «አ…በ…ራሁ።»

ቲቸር የበሩን መቃን ያዘች። ስንት ማታ ነው ሥራዬን ሠራሁ ሲሏት «አልሠራህም» ብላ የመለሰችላቸው? ባለሙያው ለእሷ የነገራትን ትእዛዝ የሰሙት እሳቸው ነበሩ። አባ ንቁ ተቀብለውት፣ ልጃቸው ስታስተምር እንዳትረበሽ፣ ባላቸው አንድ እጅ ፈረቃቸውን ሲጠብቁ ከርመዋል። መብራቱ የሚርገበገበው ደግሞ እሷ ሥራ ላይ ስትሆን ነው። ሥራዋ በደመቀ ቁጥር እሳቸው አደጋ ያያሉ፤ አደጋ ባዩ ቁጥር ያጠፋሉ። ባለሙያ ባለበት ደግሞ እጃቸውን አያስገቡም።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። የልጆቹ ሳቅ፣ የአስተባባሪዋ ስልክ፣ የልብስ ሰፊዋ ቀዝቃዛ ምሳ ሁሉ ባንድ ጊዜ ትዝ አሏት። ቀጥሎ ሳቅ መጣባት። ከሁሉ በኋላ የመጣው ፍርሃት ነው። ብትነግራቸው «አጠፋሁ» የምትለዋ የኩራት ቃላቸው ፊቷን አዙራ ሌላዋ «አጠፋሁ» ልትሆንባቸው ነው፤ የበደለኛዋ። ባትነግራቸው ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ወላጆች ፊት ትጠፋለች፤ ከዚያ በኋላ ከቁልፉ ድምፅ በቀር የሚቀራት የለም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ያ ባለሙያ ደውሎ ነበር» ብላ ዋሸች። «የዚህ ዕቃ ነገር ከቦይለር ይለያል አለኝ። ብልጭ ድርግም ሲል ደህና ነው፤ እየሠራ ነው ማለት ነው። እንዲያውም የሚያሰጋው ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው አለ።»

አባቷ ራውተሩን አዩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ክፍል፣ ከዚያ በእጃቸው ወዳለው ምርኩዝ አዩ። ሕመሙ የወሰደባቸው ጎናቸውን እንጂ ጭንቅላታቸውን አይደለም።

«እ…ኔ?» አሉ።

ቲቸር አንገቷን ደፋች።

አባቷ ምርኩዙን ወደ እሷ ዘረጉ። «ውሰጂ።»

«ኧረ ይዘኸው ተኛ፣ አባዬ! ብትፈልገኝ በምን ትጠራኛለህ?»

«ውሰጂ!» አሉ፤ የድሮው ድምፃቸው ትንሽ መጣ።

ወሰደችው። እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ ስትወስደው እፎይ ብላለች፤ በዚያም አፍራለች። ክፍሏ ገብታ ምርኩዙን ከበሩ ኋላ አቆመችውና ጠጉሯን አበጠረች።

ከሰዓት በኋላ ወላጆች ከልጆቻቸው ኋላ ተደርድረው፣ አንዳንዶቹም ግንባራቸው ብቻ እየታየ፣ ጥናቱ ተጀመረ። ቲቸር በየደቂቃው ጆሮዋን ታቆማለች። ግማሽ ሲደመር ሩብ ብላ ጠየቀች፤ መልሱም መጣ፤ አንድ አባት ከልጁ ቀድሞ ተሳስቶ መልሶ ሁሉም ሳቁበት። ክፍልፋይ ተደመረ፣ ተባዛ፣ ተካፈለ። ስክሪኑ አንዴ እንኳ አልደረቀም። ባለድመቷ ልጅ መጨረሻ ላይ «ቲቸር፣ ዛሬ እኮ አልጠፋሽም!» አለቻት። አስተባባሪዋም «በጣም ቆንጆ ነበር፤ ሰኞ በሰዓትሽ እንገናኝ» አለች።

ቲቸር ላፕቶፑን ሳትዘጋ ተነሥታ ወደ አባቷ ሮጠች። «አባዬ! አለቀ! አንድም ጊዜ አል…»

ሽታው በሩ ላይ ተቀበላት።

አንሶላው ከወገባቸው በታች ርሷል። ስትነካው ቀዝቅዟል፤ ከራሰ ቆይቷል። አባቷ እንደተዘረጉ፣ በደህናዋ እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨብጠው፣ ዓይናቸውን መብራቶቹ ላይ ተክለው ነበር። ያቺ እጅ ግድግዳውን በቡጢ ልትመታ ትችል ነበር። ድምፃቸውም ቢሆን ቃል ባያወጣ ጩኸት ያወጣል።

«ለምን አልጠራኸኝም? አባዬ፣ ለምን?»

በአገጫቸው ወደ ራውተሩ ጠቆሙ። ብልጭ ድርግም ይላል። ከዚያ ዓይናቸውን ከእሷ ሰበሩ።

«አጠፋሁ» አሉ።

ቲቸር በልማድ ቀድማ ያየችው ማከፋፈያውን ነው። ቀይዋ በርታለች፤ ምንም የጠፋ የለም። ከዚያ አንሶላውን አየች፤ ከዚያ ያልታዘዘላቸውን ፊታቸውን፤ ይህኛው ፈገግታ አልነበረም። የትኛዋ «አጠፋሁ» እንደሆነች ያኔ ገባት።

እጃቸውን ከብረቱ ላይ ጣት በጣት አላቀቀችው። «ምንም አላጠፋህም፣ አባዬ» አለች።

አባቷ የዚያን ጊዜ ወደ ግድግዳው አልዞሩም። ቲቸር ሳፋውን ልታመጣ ወጣች፤ ስትመለስ ሞቅ ያለ ውሃና ምርኩዙን ይዛ ነበር። ምርኩዙን ከቀኝ እጃቸው ጎን አጋድማ፣ አንሶላውን ከእግራቸው በኩል መግፈፍ ጀመረች።